ኤሌክትሮማግኔታዊውና ደካማው ኃይል አንድ ከሆኑ፣ የሚደርሱበት ርቀት ለምን ይህን ያህል ተለያየ?

መምህርት ከከዚራ

ጤና ይስጥልኝ፤ በድሬዳዋ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በዚህ ሳምንት ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ አራቱ መሠረታዊ ኃይሎች፣ ማለትም ስለ ስበት፣ ስለ ኤሌክትሮማግኔታዊው፣ ስለ ብርቱውና ስለ ደካማው የኒውክሌር ኃይል ሳስረዳ፣ ኤሌክትሮማግኔታዊውና ደካማው ኃይል ኤሌክትሮዊክ የሚባል የአንድ ኃይል ሁለት ገጽታዎች መሆናቸው ከታወቀ አሥርተ ዓመታት ማለፋቸውን ጨምሬ ነግሬያቸው ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ወዲያው እጇን አነሣችና፣ «ቲቸር፣ የፀሐይ ብርሃን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጥቶ ደብተሬ ላይ አርፏል፤ ደካማው ኃይል ግን ከአንድ ፕሮቶን እንኳ አልፎ አይሄድም ብለውናል። ታዲያ በምን ሂሳብ ነው አንድ የሚባሉት?» አለችኝ።

በእጄ ያሉት መጻሕፍት «በከፍተኛ ጉልበት አንድ ይሆናሉ» ብለው ያልፉታል። ይህ መልስ ለዚህች ልጅ አይበቃም፤ እኔም ይበቃል ብዬ አላምንም። ርቀታቸው የተለያየበትን ምክንያት በሰሌዳ ላይ በቁጥር ማሳየት ይቻል እንደሆነ፣ አንድነቱም በሙከራ የታየ ነገር ይሁን ወይስ በሂሳብ ውበት ብቻ የተወደደ ሐሳብ፣ በዘርፉ የቆያችሁ ሰዎች ብታብራሩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። በተጨማሪም ለቅንጣቶች መጠነ ቁስ የሚሰጠውን የሂግስን መስክ እንደ ማር፣ ቅንጣቶችን ደግሞ በማሩ ውስጥ እንደሚንቀሳቀስ ነገር አድርገው የሚያስረዱ ቪዲዮዎች ተማሪዎቼ ዘንድ በብዛት ይዞራሉ፤ ይህ ማብራሪያ ትክክል ስለመሆኑም አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ።

የጀጎሉ ጡረተኛ

መምህርት፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ ለረጅም ዓመታት ፊዚክስ ሳስተምር ቆይቼ አሁን በሐረር በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። ተማሪዎ ያነሣችው ነጥብ የነገሩ ዋና በር በመሆኑ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከርቀቱ ልጀምር። በኳንተም ፊዚክስ ሁለት ቅንጣቶች ኃይል ተለዋወጡ ሲባል በመካከላቸው ሌላ ቅንጣት ተመላለሰ ማለት ነው። የኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል መልእክተኛ ፎቶን ሲሆን፣ የደካማው ኃይል መልእክተኞች ግን ሦስት ናቸው፦ ፖዘቲቭ ሙል ያለው ደብልዩ፣ ኔጌቲቭ ሙል ያለው ደብልዩ፣ እና ሙል የሌለው ዜድ። የአንድ ኃይል ርቀት በመልእክተኛው መጠነ ቁስ ይወሰናል፤ መልእክተኛው በከበደ ቁጥር ርቀቱ በዚያው ልክ ያጥራል። ስሌቱን በሰሌዳ ላይ በአንድ መስመር ማስቀመጥ ይቻላል። የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ለሁለት ፓይ ተካፍሎ በብርሃን ፍጥነት ሲባዛ 0.197 ጊጋ (ቢሊዮን) ኤሌክትሮን ቮልት ሲባዛ በፌምቶሜትር ይሆናል፤ ፌምቶሜትር ማለት 10⁻¹⁵ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር በጉልበት መለኪያ ለተገለጸው የደብልዩ መጠነ ቁስ፣ ማለትም ለ80.4 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያካፍሉት፤ 0.00245 ፌምቶሜትር ያገኛሉ። የፕሮቶን ራዲየስ 0.84 ፌምቶሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የደካማው ኃይል ርቀት ከፕሮቶን ራዲየስ ከ300 ጊዜ በላይ ያንሳል ማለት ነው። ለፎቶን ያንኑ ስሌት ሲሞክሩ አካፋዩ ዜሮ ስለሚሆን ርቀቱ ወሰን አይኖረውም። ስለዚህ ተማሪዎ ያየችው ሰፊ ልዩነት ሁሉ ከአንድ ነገር የመነጨ ነው፤ እርሱም የመልእክተኞቹ መጠነ ቁስ ልዩነት ነው።

ቀጥሎ የጥንካሬው ጉዳይ ይመጣል፤ ብዙ መጻሕፍት ተማሪን የሚያሳስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንድ ቅንጣት ፎቶንን ለመልቀቅ ያለው ዝንባሌ በ1/137 ይለካል። ደብልዩን ለመልቀቅ ያለው ዝንባሌ ደግሞ 1/30 ገደማ ነው። እንደምንመለከተው ደካማው ኃይል በመሠረቱ ከኤሌክትሮማግኔታዊው የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም ይበልጠዋል። ደክሞ የሚታየው በዝቅተኛ ጉልበት ስንመለከተው ነው። ለምሳሌ ብቻውን የቆመ ኒውትሮን በአማካይ 15 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ወደ ፕሮቶን፣ ኤሌክትሮንና አንቲኒውትሪኖ ይለወጣል፤ ይህ ቤታ ዲኬይ የሚባለው ክስተት ነው። በዚህ ለውጥ የሚገኘው ትርፍ ጉልበት 0.78 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው፤ መሀል ላይ መመላለስ ያለበት ደብልዩ ግን የዚያን መቶ ሺህ እጥፍ ያህል ይከብዳል። ኳንተም ሜካኒክስ ይህን ብድር ለቅጽበት ቢፈቅድም እንዲህ ያለው አጋጣሚ እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚሆነው፤ በኒውክሊየስ ዓለም 15 ደቂቃ ዘላለም የሚያህልም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህ ሐሳብ እውነት ከሆነ አንድ ግልጽ ፈተና ይከተለዋል። ሁለት ቅንጣቶችን ከደብልዩ መጠነ ቁስ በሚመጣጠን ጉልበት ብናጋጭ፣ የክብደቱ መሰናክል ትርጉሙን ያጣና ሁለቱ ኃይሎች ተመጣጣኝ ሆነው መታየት አለባቸው። ይህ በእርግጥ ተሠርቷል። በጀርመን ሀምቡርግ ከ1992 እስከ 2007 ድረስ ሄራ የተባለ፣ ዙሪያው 6.3 ኪሎ ሜትር የሆነ ማፋጠኛ ኤሌክትሮኖችንና ፖዚትሮኖችን ከፕሮቶን ጋር ያጋጭ ነበር። በግጭቱ ጊዜ ሁለት ዓይነት ውጤት ይታያል። በመጀመሪያው ኤሌክትሮኑ ተወርውሮ በመመርመሪያው አንድ ወገን ሲመዘገብ፣ ከተመታው ኳርክ፣ ማለትም ከፕሮቶኑ ውስጣዊ ቅንጣት፣ የተነሡ ቅንጣቶች በተቃራኒው ወገን በአንድነት ይፈስሳሉ፤ ይህ በአብዛኛው የፎቶን ሥራ ነው። በሁለተኛው ግን ኤሌክትሮኑ ደብልዩን ሰጥቶ ራሱ ሙል የሌለው እጅግ ቀላል ቅንጣት፣ ኒውትሪኖ፣ ይሆንና ሳይታይ ይወጣል፤ በምስሉ ላይ የሚቀረው የቅንጣቶች ፍሰት በአንድ ወገን፣ በሌላው ወገን ባዶ ቦታ ነው። ተመራማሪዎቹ የሁለቱን ዓይነት ብዛት በአንድ ግራፍ ላይ ሲያስቀምጡ፣ በለዘብተኛ ግጭቶች የፎቶኑ ወገን በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ግጭቱ እየበረታ በሄደ መጠን ግን ሁለቱ መስመሮች እየተቀራረቡ ይመጣሉ፤ የተላለፈው እንቅስቃሴ ወደ 100 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሲደርስም ጎን ለጎን ይገጥማሉ።

መምህርት፣ ለተማሪዎ አንድ ነገር ብቻ ማሳየት ቢኖርብኝ የማሳያት ያንን ግራፍ ነው። ስለ ውበት የሚነገረውን ሁሉ ትተን፣ ሁለት የተለያዩ የሚመስሉ ነገሮች ሲገናኙ በቁጥር የተመዘገበበት ነውና።

ከሐረማያ

የተከበሩ መምህርት፣ የተከበሩ ጋሼ፤ እኔ በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን በመከታተል ላይ የምገኝ ተማሪ ነኝ። ጋሼ ስለ ሄራ የጻፉት ከብዙ መምህራን ያልሰማሁት ጥሩ ማስረጃ ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም መስመሮቹ መገጣጠማቸው ብቻ ኃይሎቹን አንድ አያሰኛቸውም የሚል ሐሳብ አለኝ፤ ተማሪዋም ብልህ ስለሆነች ነገ ይህንኑ ልትጠይቅ ትችላለች። ሁለት የተለያዩ ኃይሎች ጥንካሬያቸው በአንድ ቦታ ላይ ቢመጣጠን እንኳ ሁለት ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። ግላሾው በ1961፣ ዋይንበርግ በ1967፣ አብዱስ ሰላም በ1968 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ልብ ያለው ከዚህ ጠለቅ ብሎ ነው።

በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ከሥር ያሉት መስኮች ፎቶንና ዜድ አይደሉም። ከሥር ያሉት አንድ ላይ የሚሄዱ ሦስት መስኮችና ብቻውን የቆመ አራተኛ መስክ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሙል የሌለው ሲሆን ከአራተኛው ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚህ ቅልቅል በአንድ ወገን ፎቶን፣ በሌላ ወገን ዜድ ይወጣሉ። ቅልቅሉ በምን ያህል መጠን እንደሆነ የሚናገረው የዋይንበርግ ማዕዘን የሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ መጠኑም 28 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ በቤታችን አምፖል የሚያበራው ኤሌክትሮማግኔታዊ ኃይል ራሱ በከፊል የተወሰደው ደካማውን ኃይል ከሚሠሩት መስኮች ነው፤ አንዱን ያለ ሌላው መጻፍ አይቻልም። አንድነቱ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ግን በሐቀኝነት መነገር ያለበት ነገር አለ። ሦስቱ መስኮች የራሳቸው የጥንካሬ ቁጥር አላቸው፤ አራተኛውም የራሱ ሌላ ቁጥር አለው። ንድፈ ሐሳቡ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወደ አንድ አይቀንሳቸውም፤ ማዕዘኑም የሁለቱ ሬሾ ስለሆነ ከሙከራ እንጂ ከንድፈ ሐሳቡ አይገኝም። በዚህ ምክንያት «ሙሉ በሙሉ አንድ ሆነዋል» ከማለት «ሳይነጣጠሉ ተሳስረዋል» ማለት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ትስስር ደግሞ ባዶ አይደለም፤ ማዕዘኑ አንድ ጊዜ ከተለካ ሌላው ሁሉ ይከተላል። የመጀመሪያው ማረጋገጫ በ1973 በጄኔቫ አጠገብ ካለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ ከሰርን፣ መጣ። ንድፈ ሐሳቡ ከመምጣቱ በፊት ሙል የሌለው የደካማ ኃይል መልእክተኛ መኖሩን ያየ ሰው አልነበረም። ጋርጋሜል የተባለው፣ 4.8 ሜትር ርዝመት ያለውና በፍሪዮን ፈሳሽ የተሞላ የአረፋ ክፍል በኒውትሪኖ ጨረር ፊት ተቀምጦ ፎቶ ሲያነሣ ቆየ። በ1972 መጨረሻ በጀርመኗ አኸን ከተማ የነበረ ቡድን በአንዱ ፎቶ ላይ ያየው ነገር እንዲህ ነበር፦ ከየት እንደመጣ የማይታይ ነገር አንድን ኤሌክትሮን ገፍቶታል፤ ኤሌክትሮኑም በፈሳሹ ውስጥ ጠመዝማዛ የአረፋ መስመር እየተወ ሄዷል፤ ከእርሱ ሌላ በፎቶው ላይ የዚህ ክስተት አካል የሆነ መስመር የለም። ደብልዩ ተመላልሶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሙል ያለው ቅንጣት፣ ማለትም ሚውኦን፣ መታየት ነበረበት። ምንም ስላልታየ ኒውትሪኖው ማንነቱን ሳይለውጥ ኤሌክትሮኑን ገፍቶ አልፏል ማለት ነው፤ ይህን ሊያደርግ የሚችለውም ዜድ ብቻ ነው። እኔ ይህን ፎቶ ባየሁት ቁጥር እደነቃለሁ። አንድ ብቸኛ መስመር የአንድን ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ዕጣ ሲወስን ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ በተለያዩ የኒውትሪኖ ሙከራዎች ማዕዘኑ ተለካ፤ ከማዕዘኑም ደብልዩ በ80፣ ዜድ በ90 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ መገኘት እንዳለባቸው አስቀድሞ ተሰላ። ሁለቱም በ1983 በሰርን በሩቢያና በቫን ደር ሜር መሪነት በተሠራው የፕሮቶንና የአንቲፕሮቶን ግጭት ተገኙ፤ ደብልዩ 80.4፣ ዜድ 91.2። መምህርት፣ ተማሪዎችዎ ካልኩሌተር ካላቸው የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ፤ 0.88 ያገኛሉ፤ ይህም የዚያው የ28 ዲግሪ ኮሳይን ነው። ከኒውትሪኖ ግጭት የተለካ ማዕዘንና በሚዛን እንደተመዘኑ ያህል የታወቁ ሁለት መጠነ ቁሶች ተስማምተዋል ማለት ነው።

ስለ ማሩ ምሳሌ የተጠየቀውን በተመለከተ፣ እኔ ባይነገር ይሻላል ባይ ነኝ። ማር የሚንቀሳቀስን ነገር ይይዛል፤ እየያዘም ያዘገየዋል፤ በመጨረሻም ያቆመዋል። መጠነ ቁስ ያለው ቅንጣት ግን ማንም ካልነካው በያዘው ፍጥነት ለዘላለም ይሄዳል፤ ይህን ተማሪዎቹ ከኒውተን የመጀመሪያ ሕግ ያውቁታል፤ ስለዚህ ምሳሌው የሚያውቁትን ያፈርስባቸዋል። ከዚህ የሚሻለው ቆጠራውን መንገር ነው። የሂግስ መስክ አራት ክፍሎች አሉት። ዩኒቨርስ ሲቀዘቅዝ ይህ መስክ በባዶ ቦታ ሁሉ ዜሮ ያልሆነ ዋጋ ያዘ፤ ዋጋውም 246 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከአራቱ ክፍሎች ሦስቱ ከሁለቱ ደብልዩዎችና ከዜድ ጋር ተዋሕደው መጠነ ቁስ ሰጧቸው። መስኩ የያዘው ዋጋ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ፎቶን ከእርሱ ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ ያለ መጠነ ቁስ ቀረ። የተረፈው አራተኛው ክፍል በሐምሌ 2012 በሰርን መገኘቱ የተነገረው፣ 125 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሚከብደው የሂግስ ቅንጣት ነው። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ የሰውነታችን ክብደት ሁሉ ከሂግስ የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ የፕሮቶን መጠነ ቁስ ግን እጅግ አብዛኛው የሚመነጨው ኳርኮችን አስሮ ከሚይዘው ከብርቱው ኃይል ጉልበት ነው።

መምህርት ከከዚራ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ0.197 ስሌትና የ0.88 ማካፈል ለሰሌዳ የተዘጋጁ ያህል ናቸው፤ ሁለቱንም እጠቀምባቸዋለሁ። በአንድነቱ ትርጉም ላይ የተለያያችሁበትን ነጥብም ለተማሪዎቼ እንዳለ ማቅረብ እፈልጋለሁ፤ ሳይንስ ያለቀለት ነገር ብቻ እንደሆነ አድርገን ማስተማራችን ይጎዳቸዋልና።

አሁን ሁለት ነገር ልጨምር። ተማሪዎቼ «ይህ ሁሉ በሀምቡርግና በጄኔቫ የሆነ ነው፤ እዚህ እኛ ዘንድ ደካማው ኃይል ምን ያደርጋል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሁለተኛው ደግሞ በዚህ ዘርፍ ዛሬ የቀረው ጥያቄ ምን እንደሆነ ነው።

የሳቢያን ነዋሪ

እህቴ መምህርት፣ እኔ የሠለጠንኩት በጂኦሎጂ ስለሆነ ስለ ማዕዘኑ የምጨምረው የለኝም፤ ደካማው ኃይል በእኛ አካባቢ ምን ያደርጋል ለሚለው ግን የዕለት ሥራዬ ስለሆነ መልስ አለኝ። የድንጋይና የአጥንት ዕድሜ የምንቆጥርበት ሰዓት እርሱ ራሱ ነው።

ከድሬዳዋ አጠገብ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ በገደሉ ላይ የሚገኘውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ተማሪዎችዎ ሳይሰሙ አይቀሩም። በውስጡ የጥንት ሰዎች የፈጩት ቀይ አፈርና የድንጋይ መሣሪያ በብዛት ተገኝቷል፤ ከዋሻው በወጡ የቀንድ አውጣ ቅሪቶች ላይ በካርቦን 14 በተደረገ ልኬትም ወደ 40,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ተሰጥቶታል። ካርቦን 14 ወደ ናይትሮጅን የሚለወጠው በቤታ ዲኬይ ነው፤ በኒውክሊየሱ ውስጥ አንድ ኒውትሮን ደብልዩን ለቅጽበት ተበድሮ ፕሮቶን ይሆናል። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ካለው ግማሹ የሚለወጥበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት፦ 5,730 ለሰባት ጊዜ ሲደመር 40,110 ይሆናል፤ ስለዚህ ካርቦኑ ሰባት ጊዜ ተጋምሷል፤ ከመጀመሪያው የቀረውም 1/128፣ ማለትም ከመቶ አንድ የማይሞላ ነው። ዘዴው ከ50,000 ዓመት በላይ ብዙ የማይገፋው ለምን እንደሆነ ከዚህ ስሌት በቀላሉ ይታያል።

ከዚያ ለሚርቀው ደግሞ ፖታሲየም 40 አለልን። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከመቶ 11 የሚሆነው ኒውክሊየስ ከራሱ ዙሪያ ካሉት ኤሌክትሮኖች አንዱን ውጦ ወደ አርጎን 40 ይለወጣል፤ ፕሮቶን ኤሌክትሮንን ተቀብሎ ኒውትሮን የሚሆንበት ይህ ክስተትም የደብልዩ ሥራ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የቀለጠው ድንጋይ የያዘውን አርጎን ይለቃል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በክሪስታሉ ውስጥ የሚጠራቀመው አርጎን ግን መውጫ የለውም። በ1974 በአፋር ሀዳር የተገኘችው የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው በአጥንቷ ላይ በተደረገ ልኬት ሳይሆን፣ በአካባቢው የእሳተ ገሞራ አመድ ክሪስታሎች ውስጥ የተጠራቀመው አርጎን ተለክቶ ነው። ደካማው ኃይል በብዙ እጥፍ ቢፈጥን ኖሮ ፖታሲየሙ ገና ድሮ ባለቀ፤ እኛም ስለ ድንቅነሽ ዘመን የምንናገረው ነገር ባልኖረን ነበር።

ክፍል ውስጥ ላሉትም ቅርብ ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው ፖታሲየም በየሴኮንዱ 4,000 የሚሆኑ ኒውክሊየሶች በዚሁ ኃይል ይለወጣሉ። ሕክምናውንም ካነሣን፣ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሕሙማን የታከሙበት የኮባልት 60 ማሽን ጨረሩን የሚያገኘው ኮባልቱ በቤታ ዲኬይ ወደ ኒኬል ከተለወጠ በኋላ ነው።

የጀጎሉ ጡረተኛ

ልጄ ከሐረማያ የሰጠኸውን እርማት ተቀብዬዋለሁ ማለት ባልችልም አከብረዋለሁ። ሁለት የጥንካሬ ቁጥሮች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ለእኔ አንድነት የሚለካው በቁጥሮች ብዛት አይደለም፤ አንዱን ነክተህ ሌላውን ሳታናውጥ መተው አለመቻልህ ነው የሚለካው። ማዕዘኑን አንድ ዲግሪ ብትቀይር የኤሌክትሮን ሙል፣ የዜድ ክብደት፣ የኒውትሪኖው ግጭት ብዛት ሁሉ አብረው ይናወጣሉ። መምህርት ሁለቱንም አመለካከት ለተማሪዎቻቸው ያቅርቡ።

እህታችን ኮባልት 60ን ስላነሡ አንድ ነገር ልጨምር። በ1956 መጨረሻና በ1957 መጀመሪያ የቻይና ተወላጇ የፊዚክስ ተመራማሪ ቺየን ሺዩንግ ው ይህንኑ ኮባልት ከፍጹም ዜሮ በላይ አንድ መቶኛ ኬልቪን ያህል ድረስ አቀዝቅዛ ኒውክሊየሶቹን በማግኔት መስክ በአንድ አቅጣጫ አሰለፈች። ኤሌክትሮኖቹ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይወጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከኒውክሊየሱ ሽክርክሪት በተቃራኒው ወገን በዝተው ወጡ። ደካማው ኃይል ግራንና ቀኝን ይለያል ማለት ነው፤ ኤሌክትሮማግኔታዊው ግን አይለይም። ይህን ሐሳብ አስቀድመው ያቀረቡት ሊ እና ያንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በዚያው በ1957 ኖቤል ሲሸለሙ እርሷ ግን አልተካተተችም፤ ይህ ዛሬም ድረስ ቅር ያሰኘኛል። ለሴት ተማሪዎችዎ ስሟን ይንገሩልኝ።

ፀሐይም አለች። መምህርት፣ ልጅቱ ደብተሯ ላይ ያረፈውን ብርሃን ስትጠቅስ ኤሌክትሮማግኔታዊውን ኃይል ብቻ ነበር ያየችው። ያ ብርሃን እንዲወለድ በፀሐይ እምብርት ሁለት ፕሮቶኖች ሲገናኙ አንዱ ወደ ኒውትሮን መለወጥ አለበት፤ ይህን የሚያደርገው ደካማው ኃይል ነው። እጅግ አልፎ አልፎ ስለሚሆንም አንድ ፕሮቶን በአማካይ ቢሊዮኖች ዓመታት ይጠብቃል፤ ፀሐይ ነዳጇን በአንድ ጊዜ ሳትጨርስ 4.6 ቢሊዮን ዓመት የቆየችው በዚህ ዝግታ ነው። ከዚያው ምድጃ የሚወጡት ኒውትሪኖዎች በድሬዳዋም በሐረርም በየካሬ ሴንቲሜትሩ በሴኮንድ 65 ቢሊዮን ያህል ሆነው ያልፋሉ፤ ሌሊትም ቢሆን ምድርን ከሥር ሰንጥቀው ይመጣሉ።

ወደ ዛሬው ምርምር ልምጣ። ካልተፈቱት ጥያቄዎች መካከል በእኔ ግምት ትልቁ የሂግስ መስክ ራሱ ነው። ይህ መስክ 246 የሚለውን ዋጋ እንዴት እንደያዘ ለማወቅ የሂግስ ቅንጣት ከራሱ ጋር ያለውን መስተጋብር መለካት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሁለት የሂግስ ቅንጣቶች በአንድ ግጭት አብረው ሲወለዱ መታየት አለባቸው። ይህ እጅግ ብርቅ ስለሆነ በሰርን ያለው የ27 ኪሎ ሜትሩ ማፋጠኛ የግጭቱን ብዛት በብዙ እጥፍ ለማሳደግ እየታደሰ ነው። ውጤቱ ዩኒቨርስ ከተወለደ ከአንድ ሴኮንድ መቶ ቢሊዮንኛ ያህል በኋላ፣ ሙቀቱ ወደ 10¹⁵ ኬልቪን ወርዶ ሁለቱ ኃይሎች ሲለያዩ ነገሩ በዝግታ ሆነ ወይስ በድንገት የሚለውን ለመፍረድ ይረዳል። በዛሬው ንድፈ ሐሳብ ስሌት በዝግታ የሆነ ነው፤ ሌላ ያልታወቀ ቅንጣት ካለ ግን መልሱ ሊለወጥ ይችላል።

ሌላው የደብልዩ ክብደት ነው፤ ይህ ለክፍል ውይይት ይመቻል። በ2022 ቴቫትሮን በተባለው የአሜሪካ ማፋጠኛ የተሰበሰበ መረጃ የተነተነው የሲዲኤፍ ቡድን 80,433.5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት፣ ከ9.4 ስሕተት ጋር ብሎ አወጣ። ንድፈ ሐሳቡ የሚጠብቀው ደግሞ 80,357፣ ከ6 ስሕተት ጋር ነበር። ልዩነቱ ከአንድ ሺህ አንድ እጅ ባይሞላም ከተገለጸው ስሕተት ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ዓለም ሁሉ ተናወጠ። በ2024 የሰርኑ ሲኤምኤስ ቡድን ያወጣው ልኬት ግን 80,360.2፣ ከ9.9 ስሕተት ጋር ሆነና ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ተስማማ፤ ከእርሱ በፊት የወጣው የአትላስ ቡድን ልኬትም ከዚያው ወገን ነው። የመጀመሪያው ልኬት የተለየበት ምክንያት በግልጽ አልታወቀም። ሦስቱን ቁጥሮች ከነስሕተታቸው በሰሌዳ ላይ በአንድ መስመር ያስቀምጧቸውና፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፍረዱ።

ከመካከላቸው በዚህ ዘርፍ መቀጠል የሚፈልግ ቢገኝ፣ አብዱስ ሰላም በ1964 በጣሊያን ትሪየስቴ ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ዛሬም ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን ያሠለጥናል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በዚያ አልፈዋል። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ መረጃውን ላቀብላት ፈቃደኛ ነኝ፤ በዚሁ ገጽ ይጻፉልኝ።